ልብ ወለድ ከረቂቅ እስከ ኅትመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ አጻጻፍ፣ ግማሾቹ ስለ ገንዘብና ስለ ውል ናቸው። አንድ ላይ ያስቀመጥናቸው ግን ሆን ብለን ነው። የረቂቁን ጉድለት ለይቶ የማያውቅ ደራሲ ሙገሳን በውድ ይገዛል፤ አጭበርባሪም አስቀድሞ የሚሸጠው ሙገሳን ነው።

ረቂቄን ትናንት ጨረስኩ። ለማን ልላከው?

ለጊዜው ለማንም። ቢያንስ አንድ ወር ያስቀምጡት። ትናንት የጻፉትን ዛሬ ሲያነቡ ዓይንዎ የሚያየው ጭንቅላትዎ ውስጥ ያለውን ታሪክ ነው፤ ገጹ ላይ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ያልፋል። ከወር በኋላ በወረቀት አውጥተው ጮክ ብለው ያንብቡት። ምላስዎ የተደናቀፈበትን፣ ትንፋሽ ያጠረዎትን፣ የሰለቸዎትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ብቻ ያድርጉ። እያነበቡ ማረም ከጀመሩ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደክመው ይቀራሉ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሰው ይስጡ። ቢቻል ዘመድ አይሁኑ። «ወደዳችሁት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው ፊት ለፊት አልወደድኩትም አይልም። «የት ላይ አቆማችሁ? የትኛውን ገጽ ዘለላችሁ? ማን ከማን ተምታታባችሁ?» ይበሉ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ችግሩ እዚያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው ከዚያ አሥር ገጽ ቀደም ብሎ ነው።

ራሴን ሳርም ምን ምን ልፈልግ?

በአማርኛ ረቂቅ ላይ ደጋግመው ከሚታዩት ጉድለቶች ሦስቱን እናንሳ።

የመጀመሪያው «ነበር» ነው። በኮምፒውተሩ ፍለጋ «ነበር» ብለው ይቁጠሩት። በአንድ ገጽ ከስድስት ከበለጠ ትረካው ከመራመድ ይልቅ ቆሞ እየገለጸ ነው ማለት ነው። ይህንን ይመልከቱ፦

«ሰላማዊት በጣም አዝና ነበር። ልቧ ተሰብሮ ነበር። እናቷ ወደ ክፍሏ ገብተው ‹ምን ሆንሽ ልጄ?› ብለው በጭንቀት ጠየቋት። እሷም ‹ምንም አልሆንኩም እማዬ› በማለት በሐዘን መለሰችላቸው።»

ሲታረም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እናቷ ሻይ ይዘው ገቡ። የጠዋቱ ፍርፍር ሳህኑ ላይ ደርቋል።
‹ምን ሆንሽ?›
‹ምንም።›
ሳህኑን አነሱ፤ ሻዩን በቦታው አስቀምጠው ወጡ።»

በሁለተኛው «ሐዘን» የሚል ቃል የለም። ጠዋት እንዳልበላች የነገረን የደረቀው ፍርፍር ነው፤ እናትየዋም እንዳላመኗት ያወቅነው ሻዩን ትተውላት በመውጣታቸው ነው። ይህ ማለት ግን «አዘነች» የሚለውን ቃል ከመጽሐፉ ሁሉ ይንቀሉ ማለት አይደለም። «አሳይ እንጂ አትናገር» የሚባለው ምክር ተጋኖ እያንዳንዱ ሻይ ሦስት ገጽ የወሰደባቸው ረቂቆች አሉ። ታሪኩ የሚዞርበትን ቦታ ያሳዩ፤ መሸጋገሪያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረው ይለፉ። የአማርኛ አንባቢ ተራኪ ሲተርክለት ደስ ይለዋል።

ሁለተኛው የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት ነው፦ «ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደብዳቤውን አንብባ፣ ቀድዳ ጥላ፣ በሩን ዘግታ ወጣች።» ዜማው ያምራል፤ ችግሩ ሁሉም ድርጊት እኩል መሆኑ ነው። የታሪኩ ቁልፍ ደብዳቤው ከሆነ ፊት በመታጠብና በር በመዝጋት መካከል ተቀብሯል። ዋናውን ድርጊት ከሰንሰለቱ አውጥተው የራሱን ማሰሪያ አንቀጽ ይስጡት፦ «ደብዳቤውን አነበበች።» አራት ነጥብ። ቀሪው ይቀጥል።

ሦስተኛው የቢሮ አማርኛ ነው። «ከዚህ አንጻር»፣ «በመሆኑም»፣ «ጥሪ በማድረግ ላይ ትገኛለች»። ገጸ ባሕርይዋ የወረዳ ሠራተኛ ካልሆነች «ደወለች» ይበቃል።

ንግግር ሲጻፍ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይምታታል። ምን ይሻላል?

መምታታቱን የሚያመጣው «አሉ» ነው። ሁለት ጎረምሶችና አንድ አዛውንት ባሉበት ክፍል «አሉ» ሲባል ሁለቱ ጎረምሶች ናቸው ወይስ አንቱ የሚባሉት ሽማግሌ? በእንዲህ ያለ ትዕይንት ሽማግሌውን አንድ ድርጊት ያስይዟቸው፦ «ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ‹ተቀመጡ›።» «አሉ» ማለትም አላስፈለገ።

ከዚሁ ጋር የማዕረግ ወጥነት አለ። ተራኪው በምዕራፍ 1 እናትየዋን «ገቡ» ብሎ በምዕራፍ 5 «ገባች» ካላት አንባቢ ሌላ ሴት የመጣች ይመስለዋል። የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ተራኪው እሷን፣ እሱን ወይስ እሳቸውን እንደሚል፣ ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል ይመዝግቡ። ይህ ሰንጠረዥ ሌላ ጥቅምም አለው። «እርስዎ» ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች በአንድ መስመር ወደ «አንቺ» ሲሻገሩ ሙሉ አንቀጽ የሚፈጅ መቀራረብ በአንድ ተውላጠ ስም ያልቃል። ይህን መሣሪያ በዘፈቀደ ከበተኑት ግን የሚያስፈልግዎ ቀን አይሠራም።

ፊደሉስ? «ሀ» ወይስ «ሐ»? «ሰ» ወይስ «ሠ»?

ለአንባቢ ከሁሉም በላይ የሚረብሸው መቀያየሩ ነው። «ሠራ» ብለው ከጀመሩ እስከ መጨረሻው «ሠራ» ይበሉ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በአንድ መጽሐፍ አይገናኙ። የገጸ ባሕርያት ስም በተለይ። አንድ ገጽ የቃላት መመሪያ አዘጋጅተው ለአርታኢውም ለገጽ አቀናባሪውም ይስጡ።

የፊደል ቅርጹም ጣጣ አለው። ረቂቁ በቆዩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች ዩኒኮድ (ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሆኖ የሚነበብበት ሥርዓት) ባልሆነ ፊደል ከተተየበ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ኮተት ይሆናል። ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩትና በኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ያስቀምጡት፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከቀየሩ በኋላ እንደ «ቧ»፣ «ሟ»፣ «ኳ» ያሉትን ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ያረጋግጡ፤ መቀየሪያው ብዙ ጊዜ የሚስተው እነዚህን ነው።

አርታኢ በእርግጥ ያስፈልገኛል? ምን ያህልስ ይሠራልኛል?

«አርትዖት» የሚለው አንድ ቃል ሦስት ሥራ ይሸፍናል፤ ጠቡም የሚነሣው ከዚህ ነው። አንደኛው የታሪኩን አወቃቀር ያያል (የትኛው ምዕራፍ ይውጣ፣ ማን መቼ ይግባ)። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን ያቃናል። ሦስተኛው የፊደልና የነጥብ ስሕተት ይለቅማል። ደራሲው የመጀመሪያውን እየጠበቀ የከፈለው ለሦስተኛው ይሆናል። የትኛውን እንደሚገዙ በጽሑፍ ይስማሙ።

ሙሉውን ከመስጠትዎ በፊት አሥር ገጽ በሙከራ ያሳርሙ፤ ለሙከራውም ይክፈሉ። ተመልሶ ሲመጣ እርማቱ ምክንያት ያለው መሆኑን ይዩ። ጠላ ቤት ውስጥ የሚናገረውን ሰው እንደ ዜና አንባቢ ያስተካከለ አርታኢ ለልብ ወለድ አይሆንም። «እንከን አላገኘሁበትም፤ ድንቅ ነው» ብሎ የመለሰውም እንዲሁ።

አሳታሚ፣ ማተሚያ ቤት፣ አከፋፋይ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ማተሚያ ቤት ወረቀትና ቀለም ይሸጣል። ገንዘቡን የሚቀበለው ከእርስዎ ነው፤ መጽሐፉ ተሸጠ አልተሸጠ አያገባውም፣ ይህም ነውር የለበትም። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻውን ቆርጦ ለመደብሮችና ለአዟሪዎች ያደርሳል። አሳታሚ ደግሞ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ከአንባቢ የሚያተርፍ፣ ለደራሲው ከሽያጭ ሮያሊቲ (በተሸጠው ልክ የሚታሰብ ድርሻ) ወይም አንድ ጊዜ የቁርጥ ክፍያ የሚሰጥ ነው።

እንግዲህ መለያው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ድርጅት የሚኖረው ከአንባቢ ኪስ ነው ከደራሲ ኪስ? «አሳታሚ ነኝ» እያለ ገንዘቡን ከእርስዎ የሚወስድ፣ በዚያም ላይ መብቱን የሚይዝ፣ ከሽያጩም ድርሻ የሚቆርጥ ከሆነ የማተሚያ ቤቱን ክፍያና የአሳታሚውን ትርፍ አንድ ላይ እየበላ ነው። መጽሐፉ ባይሸጥም እርሱ አስቀድሞ አትርፏል፤ ስለዚህ ለመሸጥ የሚደክምበት ምክንያት የለውም።

በራሴ ገንዘብ ባሳትም ታዲያ ተታልያለሁ ማለት ነው?

በፍጹም። በአገራችን ብዙ ልብ ወለድ የሚታተመው በደራሲው ወጪ ነው። ልዩነቱ መብቱም፣ ኮፒውም፣ ሽያጩም የእርስዎ መሆኑ ላይ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ግን ሒሳቡን ይሥሩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፦ 1,000 ኮፒ ለማሳተም እያንዳንዱ 200 ብር ቢፈጅ ወጪው 200,000 ብር ነው። የሽፋን ዋጋው 500 ብር፣ የአከፋፋዩ ድርሻ 35 ከመቶ ቢሆን ከአንዱ ኮፒ እጅዎ የሚገባው 325 ብር ነው። ያወጡትን ለመመለስ ብቻ 616 ኮፒ መሸጥ አለበት። የአርታኢ፣ የሽፋን ሠዓሊና የምረቃ ወጪ ገና አልተደመረም። 616 ገዢ ከየት እንደሚመጣ ካልታየዎት 300 ኮፒ አሳትሞ መጀመር ይሻላል፤ የአንዱ ዋጋ ቢወደድም አልጋ ሥር የሚቀረው ካርቶን ያንሳል።

ማተሚያ ቤት ስሄድ ምን ብዬ ልጠይቅ?

«ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ከጠየቁ የሚነገርዎት ዋጋ ከሌላው ቤት ጋር ሊነጻጸር አይችልም። መለኪያዎቹን እርስዎ ወስነው ይሂዱ፦ መጠን (ኤ5 የተለመደ ነው)፣ የገጽ ብዛት፣ የውስጥ ወረቀት (70 ወይም 80 ግራም)፣ የሽፋን ወረቀት (250 ወይም 300 ግራም) ከነልባጡ፣ ጥረዛው በሙጫ ብቻ ነው ወይስ ተሰፍቶ፣ የኮፒ ብዛት፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ አለ የለም። ይህንኑ ወረቀት ለሦስት ቤት ይስጡ።

የገጽ ብዛት በ16 ቢካፈል ይመረጣል፤ በትልልቅ ማሽኖች ወረቀቱ የሚታጠፈው በ16 ገጽ ፎርም ነውና። 240 ገጽ ልክ 15 ፎርም ነው። 244 ገጽ ከሆነ ለአራት ገጽ ሲባል ሌላ ፎርም ወይም ግማሹ ይከፈትና ባዶ ገጽ ይተርፋል። የገጽ አቀናባሪው ሁለት ምዕራፍ ላይ ክፍተቱን ቢያጠብ ይድናሉ።

ክፍያውን በሦስት ይክፈሉት፦ ሲጀመር፣ የማረሚያው ቅጂ ሲጸድቅ፣ ርክክብ ላይ። በወረቀት የወጣ፣ የተጠረዘ አንድ ናሙና ሳያዩና እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሳይፈርሙ «ይታተም» አይበሉ። በኮምፒውተር ስክሪን የታየ ሽፋን ወረቀት ላይ ሲመጣ ይጠቁራል። የተተካ ምዕራፍ በአሮጌው ፋይል ታትሞ የሚወጣውም ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው። ርክክብ ላይ ከየካርቶኑ ሁለት ሁለት አውጥተው ይግለጡ፤ የተደገመ ወይም የጎደለ ፎርም የሚገኘው እንዲያ ነው።

ሌላ ሰው በድብቅ ተጨማሪ ኮፒ ቢያትምብኝስ?

ሙሉ መከላከያ የለውም፤ ማክበድ ግን ይቻላል። ውሉ ላይ የታተመውን ብዛት በቁጥርና በፊደል ያስፍሩ፤ ትርፍ የወጣው ሁሉ የደራሲው እንደሆነ፣ ፋይሉና የኅትመት ፕሌቱ ለደራሲው እንደሚመለስ ወይም በፊቱ እንደሚወገድ ይጻፍ። እያንዳንዱን ኮፒ በተራ ቁጥር ማኅተም መምታት 1,000 ኮፒ ላይ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ገበያ ላይ ቁጥር የሌለው ሲገኝ ግን ክርክር አያስፈልገውም። ለአከፋፋይ ሲያስረክቡም ብዛቱ፣ የሽፋን ዋጋው፣ የድርሻው መቶኛና የሒሳብ ማወራረጃው ቀን ያለበት ደረሰኝ ያስፈርሙ። በቃል «ሲሸጥ እንደዋወላለን» ተብሎ የተሰጠ መጽሐፍ ስንቱ እንደተሸጠ የሚያውቀው አከፋፋዩ ብቻ ነው።

ከውጭ አገር «መጽሐፍዎን አንብበን ተደንቀናል» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። እውነት ይሆን?

እውነት ያልመሰለ ነገር ማን ይልካል? ደብዳቤው ያምራል፤ የገጸ ባሕርይዎን ስም ይጠራል፣ ጭብጡን ይተነትናል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ እንዲህ ያለው ደብዳቤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በገፍ እየተመረተ የመጽሐፍ ክበብ፣ የግምገማ ቡድን ወይም የታወቀ ደራሲ መስሎ ይላካል። መጨረሻው «የተሳትፎ ክፍያ» ነው። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፤ ከጀርባ ሽፋኑና ከመሸጫ ገጹ መግለጫ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ጠቅሰው እንደሆነ ይዩ። አማርኛ አንባቢ ሆነው ሳያገኟቸው በአማርኛ ብቻ የታተመ መጽሐፍዎን «ስናነብ አለቀስን» ብለው በእንግሊዝኛ ከጻፉልዎ ደግሞ ፈተናም አያስፈልገው።

በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ደራስያን ዘንድ የሚደርሰው ሌላው መልክ «የትልቅ አሳታሚ ወኪል ነኝ፤ የሆሊውድ ኩባንያ መብቱን ይፈልጋል» የሚለው ነው። ትልቁ ገንዘብ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። አስቀድሞ የፊልም ማጠቃለያ ጽሑፍ መግዛት፣ ያልተሸጠ መጽሐፍ መመለሻ ኢንሹራንስ፣ የመጽሐፍ አውደ ርዕይ ጠረጴዛ፣ «ድጋሚ የማሳተም ፈቃድ»፣ ታክስ። አንዱ ሲከፈል ሌላው ይወለዳል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ይፋ የሆነ የአሜሪካ ፌዴራል ክስ በዚሁ ዘዴ ከ800 በላይ ደራስያን 44 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደተወሰደባቸው ይዘረዝራል፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ።

በላኪው አድራሻ ውስጥ ከ@ ምልክቱ በኋላ ያለውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። እንግሊዝኛው ኤም (m) በአር እና በኤን (rn) ጎን ለጎን ሲተካ በትንሽ ፊደል ዓይን አይለየውም። አንድ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እንዲህ ባሉ አድራሻዎች እውነተኛ አርታኢዎችን መስሎ ከ1,000 በላይ ያልታተሙ ረቂቆች ሰብስቦ በ2023 ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል። የመጽሐፍ ሥራ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ጭምር ናቸው የተሸወዱት። ስለዚህ ለዚያው ኢሜይል መልስ አይስጡ፤ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስዎ ፈልገው እዚያ ባለው አድራሻ ይጠይቁ። በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚችሉ ከሆነ ራይተር ቢዌር የተባለው ነጻ አገልግሎት የድርጅቶቹን ስም እየጠራ ያስጠነቅቃል።

የሥነ ጽሑፍ ወኪል (ኤጀንት) ክፍያ ጠየቀኝ።

ይተዉት። በአሜሪካና በእንግሊዝ ገበያ ወኪል የሚኖረው ከሸጠልዎት ላይ በሚቆርጠው ኮሚሽን ነው፤ በአገር ውስጥ ሽያጭ 15 ከመቶ፣ በውጭ ቋንቋ መብት 20 ከመቶ ያህል የተለመደ ነው። የማንበቢያ፣ የመመዝገቢያ፣ የፋይል መክፈቻ የሚባል ክፍያ የለም።

አማዞን ላይ ማውጣትስ?

ኬዲፒ በተባለው የአማዞን አገልግሎት መጽሐፍ መጫን በነጻ ነው፤ ማንም ደውሎ «አማዞን ነን፤ መጽሐፍዎን እናሳትም» አይልም። በስሙ ውስጥ አማዞን የሚል ቃል ያስገባ፣ ጥቅል ዋጋ የሚዘረዝር ድርጅት አማዞን አይደለም። በእስራኤልም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ለሚከብዳቸው ሲታዘዝ ብቻ የሚታተም መጽሐፍ ጥሩ አማራጭ ነው። ለወረቀት መጽሐፍ የሽፋን ዋጋው 9.99 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ 60 ከመቶ፣ ከዚያ በታች 50 ከመቶ ይታሰብና የማተሚያው ወጪ ይቀነሳል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ስለሌላት ኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ደራሲ ከአሜሪካ ሽያጩ 30 ከመቶ ይያዝበታል፤ ዋጋ ሲያወጡ ያስቡት።

አንድ ጥንቃቄ፤ ኬዲፒ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ለወረቀትም ለዲጂታልም ለየብቻ ያንብቡ። ዝርዝር ውስጥ በሌለ ቋንቋ የወጣ መጽሐፍ ሊታገድ ይችላል፤ ቋንቋውን «እንግሊዝኛ» ብሎ መዋሸትም የሒሳብ መዘጋት ያስከትላል። «አማርኛውን እኔ አስገባልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ምን ብሎ እንደሚሞላ ሳያዩ አይክፈሉ። ሒሳቡም በእርስዎ ስም ይከፈት፤ በሌላ ሰው ሒሳብ የወጣ መጽሐፍ ሽያጩም የይለፍ ቃሉም የዚያ ሰው ነው።

ውል ስፈርም የትኛውን አንቀጽ ልይ?

ከገንዘቡ በፊት «መብት» የሚለውን። «ማናቸውንም መብት በማናቸውም መልክ ለዘለዓለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ በዚያው ይቁም። የወረቀት ኅትመት፣ የዲጂታል፣ የድምፅ ትረካ፣ የትርጉም፣ የፊልምና የተከታታይ ድራማ መብት እያንዳንዱ ለየብቻ የሚሸጥ ነው። የወረቀት አሳታሚ የወረቀቱን ይውሰድ። ትረካ በሚወደድበት አገር የድምፅ መብትን ሳያስቡት መስጠት በተለይ ያስቆጫል።

ቀጥሎ ጊዜና መመለሻ፦ ስንት ዓመት፣ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ በስንት ወር ድጋሚ ካልታተመ መብቱ ወደ እርስዎ እንደሚመለስ። ከዚያ ቁጥር፦ የመጀመሪያው ኅትመት ብዛት፣ ሮያሊቲው ከሽፋን ዋጋ ነው ወይስ ከተጣራ ገቢ («የተጣራ» ካለ ምን ምን እንደሚቀነስ ይዘርዝር)፣ ሒሳብ በየስንት ወሩ እንደሚቀርብ፣ የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ የማየት መብት።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብት (ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብት) የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን ግዴታ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጠ አይጸናም። ሁለት ፊርማ ብቻ ይዞ የሚገኝ የኅትመት ውል ብዙ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ መከራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ውጭ አገር ሆነው በውክልና የሚያሠሩ ከሆነ ውክልናው ላይ «ለማሳተም» እና «መብት ለማስተላለፍ» የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ሁለተኛውን ባያካትቱ ይመረጣል።

ረቂቄን ሳሳይ ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ? መመዝገብ አለብኝ?

ሐሳብ በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው የተጻፈው ነው፤ ጥበቃውም ያለ ምንም ምዝገባ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ አለ፣ ደራሲው ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ በክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል እንጂ መብቱን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። በአሜሪካ መንግሥታዊው ምዝገባ ለአንድ ደራሲ አንድ ሥራ 45 ዶላር ነው፤ ለዚሁ በመቶዎች የሚጠይቅ «አገልግሎት» ፎርም ለሞላበት ብቻ ያስከፍልዎታል። እውነቱን ለመናገር የጀማሪ ረቂቅ ስርቆት ከሚፈራው ያነሰ ነው። ስርቆቱ የሚመጣው መጽሐፉ ሲወደድ ነው።

የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (አይኤስቢኤን) በኢትዮጵያ የሚሰጠው በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከአገሪቱ መለያዎች አንዱ 978-99944 ነው። ሲታተም ለቤተ መጻሕፍቱ ኮፒ ማስረከብ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ቁጥሩ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፤ «ቁጥር አስወጣንልዎት» ብሎ ትልቅ ገንዘብ መጠየቅም አያስኬድም።

መጽሐፌ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ፣ በትረካ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ተለቀቀ።

ከሁሉ በፊት ማስረጃ ይያዙ፦ ሊንኩን፣ የቻናሉን ስም፣ የተመልካቹን ብዛት፣ ቀኑን የሚያሳይ የስክሪን ፎቶ። ዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታ ቅጽ አለው፤ በደራሲው ስም በነጻ ይሞላል። ቴሌግራምም አቤቱታ ይቀበላል፤ ቻናሉ ግን በሌላ ስም ሊመለስ ስለሚችል በየጊዜው መፈለግ ይጠይቃል። ተራኪው ጥሩ ድምፅ ካለውና ብዙ አድማጭ ካፈራ ከማስወረድ ይልቅ ውል መዋዋል የተሻለ ገቢ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። መርሳት የሌለብዎ፣ «ደራሲውን ጠቅሻለሁ» ማለት ፈቃድ አይደለም።

የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ውስጥ እንድገባ ገንዘብ ጠየቁኝ።

አዘጋጁ ማን እንደመረጠና ስንቱን እንደመለሰ ይጠይቁት። ማንንም ካልመለሰ የተመረጠ ጽሑፍ የለም። 40 ጸሐፊ ከፍሎ፣ እያንዳንዱም 20 ኮፒ እንዲገዛ ከተገደደ 800 ኮፒ ለራሳቸው ለጸሐፊዎቹ ተሸጧል፤ መደብር ውስጥ አይፈልጉት። ጓደኛሞች አዋጥተው ወጪና ገቢውን በግልጽ ተካፍለው የሚያሳትሙት ግን ከዚህ የተለየ፣ ደግ ልማድ ነው።

ከፍዬ ነቃሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ተጨማሪ ሳንቲም አይላኩ፤ «የመጨረሻዋን ከከፈልክ ይለቀቃል» የሚለው ከዘዴው አንዱ ክፍል ነው። ስልክ አያንሱ፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን። በአሜሪካ በክሬዲት ካርድ ከከፈሉ ክፍያው የታየበት የሒሳብ መግለጫ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ መቃወም ይችላሉ፤ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከልም ያመልክቱ። በባንክ ማስተላለፊያ ወይም በቴሌብር ከላኩ በዚያው ቀን ለባንኩ ወይም ለኩባንያው ያሳውቁ፣ የግብይት ቁጥሩን ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የፈረሙት ውል ካለ መብትዎን እንደሚያስመልሱ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በሕግ ባለሙያ ያስጽፉ። መጽሐፉ በእነርሱ ሒሳብ ከተለቀቀም ለመሸጫው ድረ ገጽ ያሳውቁ።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ይደውላል። ጠበቃ ነኝ ወይም የመርማሪ ቢሮ ነኝ ይላል፤ ስንት እንደተወሰደብዎት እስከ ሳንቲሙ ያውቃል፣ ለማስመለስም ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል። መጠኑን ያወቀው ስም ዝርዝርዎን የሸጡለት ያው ሰዎች ስለነገሩት ነው።